በ«የኔታ» እና በ«የኔ ቢጤ» መካከል፦ አካል ጉዳተኞች ከትምህርት ቤት ወደ ኑሮ የተሻገሩበት መንገድ ታሪክ

በአማርኛችን ድምፃቸው የሚቀራረብ፣ ፍቻቸው ግን እጅግ የተራራቀ ሁለት መጠሪያዎች አሉ። አንደኛው «የኔታ» ነው፤ ፊደል ላስቆጠረ፣ ዜማ ላስጠና፣ ቅኔ ላስነገረ መምህር የሚሰጥ የአክብሮት ስም ነው። ሁለተኛው «የኔ ቢጤ» ነው፤ በደጀ ሰላም ተቀምጦ እጁን ለምጽዋት ለሚዘረጋ ሰው የሚሰጥ የርኅራኄ ስም ነው። እኔ ባደግሁባት በምሥራቅ ጎጃሟ በአምበር እነዚህን ሁለት ስሞች የተሸከሙ ሁለት ዓይነ ስውራን በልጅነቴ አውቅ ነበር። አንደኛው በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለተማሪዎቻቸው ቅኔ ሲዘርፉ ይውሉ ነበር። ሁለተኛው ከዚያው ብዙም ሳይርቁ ከቅጽሩ በር አጠገብ ተቀምጠው በአላፊ አግዳሚው ኮቴ ለጋሱን ከንፉጉ ሲለዩ ይውሉ ነበር። ሁለቱም ብርሃናቸውን ያጡት በልጅነታቸው ነው። ይህን ያህል ያራራቃቸው ምን እንደሆነ የተረዳሁት ግን አድጌ፣ ተምሬ፣ መሐንዲስ ከሆንሁ በኋላ ነው። ከትምህርት ወደ ኑሮ የሚያሻግረውን መንገድ አንደኛው አግኝተውታል፤ ሁለተኛው አላገኙትም።

ዝግጅት ክፍሉ ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ጉዳዩ የመምህራንና የሕግ ባለሙያዎች ነው ብዬ ለመመለስ ቃጥቶኝ ነበር። ነገር ግን ታሪኩን ወደ ኋላ ተከትዬ ስመረምረው፣ በመንገዱ ላይ ከተገተሩት እንቅፋቶች ከፊሎቹ የእኛው ሙያ ሥራዎች ሆነው አገኘኋቸው። ስለዚህም ይህ ጽሑፍ አንድ ነገር ለማሳየት ይሞክራል። ይኸውም፣ አገራችን አካል ጉዳተኛውን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚያስገባውን በር በመክፈት የተራመደችውን ያህል፣ ከትምህርት ቤት ወደ ሥራና ወደ ኑሮ የሚያወጣውን በር በመክፈት ረገድ አልተራመደችም የሚለው ነው።

የቅኔ ቤቱ መንገድ

ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። በስም ከሚጠሩት ከሦስቱ የቅኔ ቤቶች መካከል ዋሸራና ጎንጅ የበቀሉት በዚሁ ምድር ነው፤ ሦስተኛው ዋድላ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ከመግባታቸው በፊት የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት የቀሰሙት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በቢቸና አካባቢ በምትገኘው በዲማ ጊዮርጊስ ነበር።

በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ዓይነ ስውር ተማሪ እንግዳ አልነበረም። ምክንያቱን ለመረዳት የትምህርቱን አሠራር መመልከት ይበቃል። የቅኔ ተማሪ ብራናና ቀለም አያስፈልገውም። መምህሩ ይዘርፋል፣ ይፈታል፤ ተማሪው በጆሮው ይቀበላል። ከዚያም ብቻውን ከሰው ገለል ብሎ ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና የቆጠረውን ለመምህሩ በቃሉ ያሰማል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ በዘአምላኪየና በሚ በዝኁ አልፎ እስከ መወድስና እስከ ዕጣነ ሞገር የሚዘልቀው መሰላል በሙሉ በጆሮ፣ በአንደበትና በማስታወስ ኃይል የሚወጣ ነው። ዜማም ምልክት ቢኖረውም በመሠረቱ በቃል የሚጠና ነው። ስለዚህ ዓይን ለሌለው ልጅ ተብሎ የተለየ መሣሪያ፣ የተለየ ክፍል ወይም የተለየ መምህር ማዘጋጀት አላስፈለገም። ትምህርቱ ራሱ ከመጀመሪያው ለእርሱም የተመቸ ነበር።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። የቆሎ ተማሪ ሁሉ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ እየዞረ የዕለት ጉርሱን ይለምን ነበር። የባላባቱም ልጅ፣ የድሃውም ልጅ፣ ዓይናማውም፣ ዓይነ ስውሩም በአንድነት ይለምናሉ፤ በአንድነትም ከውሻ ጋር ይታገላሉ። ስለሆነም ልመናው የዓይነ ስውሩ መለያ ምልክት አልሆነበትም። የተማሪነቱ ምልክት ነበርና ትምህርቱ ሲያልቅ ልመናውም አብሮት ያልቃል።

ዋናው ቁም ነገር ግን መውጫው ነው። ቅኔውን ወይም ዜማውን አስመስክሮ የወጣ ዓይነ ስውር የሚገባበት ሥራ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። በደብር መሪጌታ ሆኖ ያገለግላል፤ ወይም የራሱን ጉባኤ ዘርግቶ ያስተምራል፤ ትዳር ይይዛል፤ ጎጆ ይወጣል። ዛሬ በትምህርት ጠበብት ዘንድ «ከትምህርት ወደ ሥራ ሽግግር» ተብሎ የሚጠራው ነገር ስም ሳይወጣለት በዚያ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ይህን ስል የቀድሞውን ዘመን ያለ ነቀፋ ለማወደስ አይደለም። ያ መንገድ የተከፈተው ለሚሰማና ለሚናገር፣ በእግሩም ከደብር ወደ ደብር ለሚዘዋወር ወንድ ልጅ ነበር። መስማት የተሳነው ልጅ በጆሮ በሚሰጥ ትምህርት ቦታ ሊኖረው አይችልም። መራመድ የማይችለው ከቤቱ አይወጣም። ሴት ልጅ ከሆነችማ ዓይኗ ቢያይም ባያይም በሩ በአመዛኙ ዝግ ነበር። ከቅጽሩ በር አጠገብ ይቀመጡ የነበሩት አዛውንትም የሚያሳዩን ይህንኑ ነው፤ መንገዱ ለጥቂቶች ብቻ የደረሰ ነበር።

የነጥብና የእጅ ፊደል

ዘመናዊው ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳው፣ ከመጽሐፉና ከካርታው ጋር ሲገባ የትምህርቱ በር ከጆሮ ወደ ዓይን ተዛወረ። ዓይነ ስውሩም ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየ መሣሪያ አስፈለገው። መሣሪያው በሌላ አገር አስቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ሉዊ ብሬይል የተባለው የፈረንሳይ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1809 የተወለደ የኮርቻና የልጓም ሠሪ ልጅ ነው። በሦስት ዓመቱ በአባቱ ወርክሾፕ ውስጥ በቆዳ መሥሪያ ስለት ዓይኑን ወግቶ፣ ጉዳቱ ወደ ሌላኛው ዓይኑም ተዛምቶ ታወረ። በፓሪስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ በስድስት ነጥቦች ላይ የቆመውን ፊደሉን ፈለሰፈ።

ይህን ፊደል ወደ አማርኛ ለመመለስ የገጠመው ችግር ለመሐንዲስ ጆሮ የሚጥም ነው። ስድስት ነጥቦች ባዶውን ሳይጨምር ሊሰጡ የሚችሉት 63 ልዩ ልዩ ቅርጾችን ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ግን 33 ሆሄያት በሰባት ሰባት እርባታ፣ በድምሩ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ በዚህ ላይ ይጨመራሉ። መፍትሔው ፊደሉን በሁለት መክፈል ሆነ፤ በመጀመሪያ የተነባቢው ምልክት ይጻፋል፤ ቀጥሎም የአናባቢው ምልክት ይከተለዋል። ሳድሱ ግን ያለ ተከታይ ብቻውን ይቆማል።

መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን የሚጠቀሙበት የእጅ ፊደልም በተመሳሳይ ብልሃት የተሠራ ነው። የእጁ ቅርጽ ሆሄውን ያመለክታል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን እርባታ ይለያል። ሁለቱም ሥራዎች ችግሩ በሰውዬው ላይ ሳይሆን በመሣሪያው ላይ መሆኑን ተረድተው መሣሪያውን ያስተካከሉ ሰዎች ውጤት ናቸው። ይህም የምህንድስና መንፈስ ነው።

ከደምቢ ዶሎ እስከ ሰበታ

በአገራችን ዓይነ ስውራንን በዘመናዊ መልክ የማስተማር ጅማሮ፣ እንደሚነገረው፣ በ1910ዎቹ ዓ.ም. በደምቢ ዶሎ በአሜሪካ ሚሲዮናውያን የተደረገው ሙከራ ነው። ሰፊ ስም ያተረፈው ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነበር። ከልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር የተሰበሰቡ ልጆች በአዳሪነት እየኖሩ ብሬይል ተማሩ። በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር፣ ኋላም መስማት የተሳናቸው ማኅበር ተመሠረቱ። በ1963 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 70 የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ድርጅት በመንግሥት ተቋቋመ።

እነዚህ ሁሉ ታላላቅ እርምጃዎች ናቸው። ሆኖም አዳሪ ትምህርት ቤቱ ልጁን የሚሸኘው እስከ አንድ ደረጃ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወደ መደበኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገባል፤ በዚያም የብሬይል መጽሐፍ የለም፤ ብሬይል የሚያነብ መምህር የለም፤ የሚያነብለት ጓደኛ ካላገኘ ትምህርቱ ይቆማል። መስማት የተሳነው ልጅ ደግሞ የምልክት ቋንቋ ከሚያውቁ መምህራኑ ተለይቶ አፍ እንጂ እጅ ወደማይናገርበት ክፍል ይገባል። የሽግግሩ የመጀመሪያ ገደል ይህ ነው። በቅኔ ቤቱ መንገድ ተማሪው ከፊደል እስከ ሥራ የሚጓዘው በአንድ ቋንቋና በአንድ ዘዴ ሲሆን፣ በዘመናዊው መንገድ ግን ልክ ለአቅመ አዳም ሊደርስ ሲቃረብ ዘዴው ተቀይሮ ይጠብቀዋል።

ይህን ገደል የተሻገሩ አሉ። ለምሳሌ ያህል የትነበርሽ ንጉሤን እንጥቀስ። በወሎ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን ያጣችው የትነበርሽ በሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከተማረች በኋላ፣ በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከዓይናማ ተማሪዎች ጋር ቀጠለች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ካቋቋሙት አንዷ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። መታወሯ ያለ ዕድሜ ከመዳር እንዳዳናትና የትምህርት ዕድል እንደከፈተላት ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። ይህ አባባል ደስታም ኀዘንም የተቀላቀለበት ነው። አንዲት ልጅ ለመማር መታወር ካስፈለጋት፣ ዓይናማ እኅቶቿስ ምን ሆኑ ያሰኛልና።

የተዘጋው የሒሳብ በር

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ እንቃረባለን። ከአገራችን ዓይነ ስውራን ምሁራን መካከል የሕግ፣ የቋንቋ፣ የታሪክና የማኅበራዊ ሳይንስ ባለሙያዎችን በብዛት እናገኛለን። በመካከላቸው መሐንዲስ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው። ምክንያቱ የተሰጥኦ ማነስ አይደለም። ለረጅም ዘመን ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከሒሳብ ትምህርትና ከሒሳብ ብሔራዊ ፈተና ነፃ ሲደረጉ ኖረዋል። ነፃ ማድረጉ ለእነርሱ ከማሰብ የመጣ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ግን የተፈጥሮ ሳይንስ፣ የምህንድስናና የቴክኒክ በሮች በሙሉ ገና በጉብዝና ዘመናቸው እንዲዘጉ ማድረግ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ በምማርበት ጊዜ ከአጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ዓይነ ስውር ጓደኛ ነበረኝ። መጽሐፍ አነብለታለሁ፤ እርሱም አንድ ጊዜ የሰማውን አይረሳም። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ግን በትሩን ይዞ ይወጣና ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ይሞቃል። አንድ ቀን «እናንተ እዚያ ውስጥ ስለ ሦስት ማዕዘን የምትጨቃጨቁት ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሦስት ስንደዶዎች ወስጄ፣ አንዱን በሦስት፣ ሁለተኛውን በአራት፣ ሦስተኛውን በአምስት አውራ ጣት ልክ ቆርጬ፣ በአግዳሚው ላይ ሦስት ማዕዘን ሠራሁለት። በየጎኖቹም ላይ አራት ማዕዘኖችን ጨምሬ አስዳሰስሁት። ጣቶቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ካዟዟረ በኋላ «ይህንን ነበር እንዴ የከለከሉኝ?» አለኝ። ዛሬ በተማሪዎቹ ዘንድ የተመሰገነ የታሪክ መምህር ነው። ታሪክን የመረጠው ወድዶት ይሁን ሌላ በር ስላልነበረው፣ እርሱም ራሱ መለየት እንደሚቸግረው አጫውቶኛል።

ዓይነ ስውርና ሒሳብ አይገናኙም የሚለውን አስተሳሰብ ታሪክ ራሱ ያፈርሰዋል። በእንግሊዝ አገር ኒኮላስ ሳውንደርሰን የተባለ ሰው ገና በሕፃንነቱ በፈንጣጣ ሁለት ዓይኖቹን አጥቶ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1711 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቀደም ሲል ኒውተን በያዘው የሒሳብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስሌቱን የሚሠራው ቀዳዳዎች ባሉት ሰሌዳ ላይ መርፌዎችን እየሰካ በመዳሰስ ነበር። በዚያው አገር ጆን ሜትካፍ የተባለው ሰውም በስድስት ዓመቱ በዚያው በሽታ ታውሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1765 ጀምሮ ወደ 290 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሠርቷል። ረጅም በትሩን ይዞ የመንገዱን አቅጣጫ በእግሩ እየረገጠ ይመረምር ነበር። ረግረጉን መሬት ደግሞ የቁጥቋጦ ነዶ ከሥር አንጥፎ መንገዱን በላዩ ያሳልፍ ነበር። ከአባይ በረሃ ወዲህ ማዶ በጎጃም ጥቁር አፈር ላይ መንገድ የሠራ ባልደረባችን የዚህን ሰው ብልሃት ዋጋ ያውቀዋል።

አዋጁና ደረጃው

ሕጉ በበኩሉ ከዓመት ወደ ዓመት ሲሻሻል ቆይቷል። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 101 የአካል ጉዳተኞችን ሥራ የማግኘት መብት ደነገገ፤ ለእነርሱም የሥራ ቦታዎች ተለይተው እንዲያዙ አደረገ። በ2000 ዓ.ም. የተተካው በአዋጅ ቁጥር 568 ነው። አዲሱ አዋጅ በመግቢያው የሰጠው ምክንያት የሚያስደንቅ ነው፤ ቦታ ለይቶ መያዙ አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት እንደማይችሉ የሚያስመስል ሥዕል መፍጠሩን ይገልጻል። ስለዚህም አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለሠራተኛው እንዲያመቻች ግዴታ ጣለበት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በአንቀጽ 36 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያና መፀዳጃ እንዲኖራቸው አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች።

እነሆ ከዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናዘዝ ይገባኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቢሮ ሕንፃ ነደፍሁ። ወለሉን ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ፣ ከፊት ለፊቱ ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ስድስት ደረጃዎች ሰጠሁት። አዋጁን አላውቅም ማለት አልችልም። ፕላኑ ጸድቆ ሕንፃው ተሠራ፤ ተመረቀ፤ ተመሰገንሁበትም። ከዓመት በኋላ በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ አንዲት ወጣት በውድድር አሸንፋ በዚያ ቢሮ ተቀጠረች። በየጠዋቱ ሁለት ጥበቃዎች ከነወንበሯ ተሸክመው ያስገቧታል፤ በየማታው ተሸክመው ያወጧታል። ጥበቃዎቹ ደጎች ነበሩ። ነገር ግን በሥራ ባልደረቦቿ ፊት በየዕለቱ እንደ ዕቃ መነሣቱን ልትለምደው አልቻለችም። ጥቂት ወራት ሠርታ ለቀቀች። ይህን የሰማሁት ለጥገና ሥራ ወደ ሕንፃው ተመልሼ በሄድሁ ጊዜ ነው።

በዚያች ምሽት ተቀምጬ ስሌቱን ሠራሁት። በዓለም ዙሪያ በተለመደው የአንድ ለአሥራ ሁለት ዝንባሌ መሠረት 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የሚያስፈልገው ራምፕ ርዝመቱ 10.8 ሜትር ነው፤ የማረፊያውም ቦታ በዚህ ላይ ይጨመራል። ግቢው ለዚህ ከበቂ በላይ ስፋት ነበረው። የሚያስፈልገው የድንጋይና የሲሚንቶ ወጪ ከጠቅላላው የሕንፃ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ያቺ ወጣት የአሥራ ስድስት ዓመት ትምህርቷን ያለፈችው በቤተሰቧ ድካም፣ በመምህራኖቿ ትዕግሥትና በራሷ ጥረት ነው። ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ የሆነው እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ በሳልኋቸው ስድስት መስመሮች ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ሽግግር የሚባለው ነገር በአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። መምህሩ፣ ሕግ አውጪው፣ አሠሪውና ቤተሰቡ እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። የእኛ ድርሻ ግን በቀላሉ የሚለይና የሚለካ ነው። አንደኛ፣ ማናችንም ብንሆን ደረጃ ብቻ ያለው የሕዝብ ሕንፃ ፕላን ላይ ላለመፈረም እንችላለን። ከቤቱ መግቢያ ባሻገር የበሩን ስፋት፣ የመፀዳጃውን ቦታና ወንበር የሚዞርበትን ወለል አስቀድመን ማሰብ ይገባናል። በኋላ የሚጨመር ነገር ወጪው የበዛ፣ መልኩም የከፋ እንደሚሆን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ፣ በየምንኖርበት ከተማ ባሉት ትምህርት ቤቶች በመዳሰስ የሚጠኑ የጂኦሜትሪ ቅርጾችን ሠርተን ለመስጠት ዕውቀቱም ፍርፋሪ እንጨቱም አለን። ሦስተኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን በየቢሮአችን ለተግባር ልምምድ ብንቀበል፣ መሥራት ይችላሉ ወይ የሚለው ጥያቄ በክርክር ሳይሆን በዓይናችን ፊት መልስ ያገኛል።

ባለፈው ዓመት ወደ አምበር ሄጄ ነበር። ቅኔ ያስነግሩ የነበሩት የኔታ ካረፉ ቆይተዋል፤ ተማሪዎቻቸው ግን በየደብሩ ያስተምራሉ። ከቅጽሩ በር አጠገብ ይቀመጡ የነበሩትም አዛውንት አርፈዋል። በእርሳቸው ቦታ አንድ ጎልማሳ ተቀምጦ አገኘሁ። ሳንቲም ስሰጠው በድምፄ እንግዳ መሆኔን ለይቶ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ተጨዋወትን። እስከ አሥረኛ ክፍል መማሩን ነገረኝ። እንግዲህ እርሱ በመግቢያው በር ገብቶ ነበር ማለት ነው፤ መውጫውን ግን አላገኘውም።